የደብሪቱ የቅቤ ደንበኛ

እኔ ቀን ቀን ልብስ እሰፋለሁ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ የሰፈራችንን እድር ጥሩምባ እነፋለሁ። ቆቦ ውስጥ ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራሁ የለቅሶን ነገር በደንብ አውቃለሁ። ከልቡ የሚጮኸውን አውቃለሁ፤ ለይምሰል ነጠላውን ዓይኑ ላይ የሚያደርገውንም አውቃለሁ፤ ከቀብር መልስ ንፍሮው ላይ የሚበረታውንም እንደዚያው። እንደ ጌታሁን ያለ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ባለፈው ሐምሌ ሚስቱ ደብሪቱ ስትሞት ከሰውዬው ዓይን አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣችም።

"ጨካኝ ነው" ያሉ ነበሩ። ተቆጣኋቸው። ጌታሁን የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ወደ ጓሮ የሚዞር ሰው ነው። ደንዝዞ እንጂ ጨክኖ አይደለም። ጥርሱን ሊያስነቅል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ቢነክሰው ያውቀዋል? ጌታሁንም እንደዚያ ነበር የሆነው። ቀብሩ ላይ ቆመ፣ ሰልስቱን አስቀደሰ፣ አርባዋን አወጣ፤ "ብላ" ሲሉት በላ፣ "ተቀመጥ" ሲሉት ተቀመጠ። ከአፉ ግን "ሞተች" የሚለው ቃል አልወጣም። አርባዋ ላይ ለካህናቱ ሲናገር እንኳ "ደብሪቱ ከሄደች ወዲህ" ነበር ያለው። ገበያ የሄደች ነው የሚመስለው።

ሰውዬው ከላስታ ደጋ በሃያ ዓመቱ የወረደ ነው። ለሁለት ወር ሥራ መጥቶ፣ ሙቀቱን አልቻልኩም እያለ ሲያማርር አርባ ዓመት ሞላው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለመስኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነበር የሚጠብቀው። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር እየዋለ ወሬ ሳይለምድ ቀረ። እቤት ሲገባ ደብሪቱ ለሁለት ታወራ ነበር። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ የማን ላም ወለደች፣ ሁሉንም ከገበያ ለቅማ ትመጣለታለች፤ እሱ "እህ" እያለ ራቱን ይበላል። ደስተኞች ነበሩ ብል አልዋሸሁም።

ደብሪቱ ደግሞ ካገኘችው ሰው የምትገዛ ሴት አልነበረችም። ሽንኩርትና ቲማቲሟ ከሰለሞን ነው፤ መሬቱን ያጠጣው የባሏ ፓምፕ ነውና "ሽንኩርቴን ጌታሁን ነው ያበቀለው" ትላለች። እንቁላሏ በጠዋት መኪና ከዋጃ ከምትመጣው ከለተ ሚካኤል ነው። ቅቤዋ ግን ከኢክራማ እጅ ካልሆነ ቤቷ አይገባም።

ኢክራማ ከዞብል ተራራ የምትወርድ ባለ ላም ናት። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የራሷን ላሞች ታልባለች፣ ራሷ ትንጣለች፣ በቅል ይዛ ሌሊቱ ሳይለቅ ተነሥታ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቅቤ ተራ ትደርሳለች። የቆቦ ፀሐይ ቅቤ አይወድም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የምትመጣ ሻጭ ቅቤ ሳይሆን ዘይት ነው የምትሸጠው። ቅቤ ተራ ላይ ገዢ ሁሉ ስንጥር ይዞ ይመጣል፤ መሐሉ ላይ ሙዝ ወይም ሞራ ተሸጉጦ እንደሆነ እስከ ሆዱ ወግቶ ያወጣና ያሸታል። ደብሪቱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የኢክራማን ቅቤ ወግታ አታውቅም። ኢክራማም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምራቂ ሳትጨምር ሸጣላት አታውቅም። ምራቂዋ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ግማሽ ኪሎውን ከመዘነች በኋላ እንቁላል የምታህል ለጋ ቅቤ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ "ይኼ ለራስሽ" ትላታለች። ለፀጉሯ ማለት ነው። ገዢዋም "ደንበኛዬ"፣ ሻጯም "ደንበኛዬ"፤ አንዷ ሌላዋን በስሟ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ተኩሱ እዚሁ ከተማ መሐል የነበረ ጊዜ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ መንገዱም ተቆርጦ ሳለ ኢክራማ አንድ አህያ ማሽላ ጭና ከተራራው ወረደች። ደብሪቱ ደጅ አራገፈች፤ እኔም ከዚያ ማሽላ በልቻለሁ። ለዚህ ነው በኋላ የሆነውን ስሰማ እንደዚያ የተናደድኩት።

ደብሪቱ የሞተችው ጎርፉ ባየለበት ሳምንት ነው። ጥሩምባዬን ነፋሁ፤ ሰፈሩ ወጣ። መልእክተኛ ወደ ሮቢት ላክን፣ ወደ ጎብዬ ላክን፣ ዋጃ ያሉት ዘመዶቿም በስልክ ሰሙ። ወደ ቅቤ ተራ ማንም አልላከም። እኔም አላሰብኩትም። በእድራችን መዝገብ እናት አለ፣ አማት አለ፣ የእንጀራ ልጅ አለ፤ ደንበኛ የሚባል ግን የለም። የዞብል መንገድ ደግሞ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ከዚያ በኩል እስከ መስከረም ሰው አልወረደም።

በመስከረም አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አዲስ ሱፐርማርኬት ተከፈተ። የመስታወት በር፣ ማቀዝቀዣ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ዘይትና ፓስታ። ሽንኩርት ሳይቀር በመረብ ታስሮ አለ። እዚሁ ሜዳችን ላይ የበቀለ ሽንኩርት የት የት ሲዞር ከርሞ ነው በመረብ ታስሮ የተመለሰው? እንጃ። ደሴ የምትኖረው ልጃቸው ሰላም ደውላ "አባዬ፣ በዚህ ፀሐይ ገበያ አትንከራተት፤ ሁሉንም እዚያው ግዛ" አለችው። ለጉልበቱ አስባ ነው፤ አልፈርድባትም።

እሱም እሺ አለ። ሽንኩርቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ጨውና ሻማውንም ከዚያ መግዛት ጀመረ። አንድ ቀን አብሬው ገባሁ። ብስኩት መደርደሪያው ፊት ረጅም ጊዜ ቆሞ የሚያነብ መሰለኝ፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቀርቷል። ክንዱን ነካ ሳደርገው የሁልጊዜውን አንስቶ ወደ ሒሳብ ሄደ። ሔዋን የምትባለው ሒሳብ ተቀባይ ቀና ሳትል "ፌስታል ይጨመር?" አለችው።

"ይጨመር" አለ።

ስንወጣ "ይቺ ልጅ ጥሩ ናት" አለኝ።

"ምን አደረገችልህ?"

"ምንም።"

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሰለሞን ሽንኩርት ሊገዛ የመጣውን ጌታሁንን ሲያይ ቆቡን አውልቆ "እግዜር ያጥናህ" ይልና ሚዛኑን ትቶ ከረጢቱን ይሞላለታል። ለተ ሚካኤል እንቁላሉን ጥላ "አጆኻ፣ አይዞህ ወንድሜ" እያለች ዓይኗን ትጠርጋለች። ደግ ሰዎች ናቸው። ጌታሁን ግን "ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ለቅሶ ላይ እውላለሁ" አለ። እንባ ከሌለው ሰው ፊት ሌላው ሲያለቅስለት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ምንም አይሰማውም፤ ያ ራሱ ያስፈራዋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን የሚያጽናናው የለም። እዚያ ደብሪቱ የምትባል ሴት ኖራም አታውቅም፤ ሞታም አታውቅም።

እስከዚህ ድረስ ገባኝ። ያልገባኝ የቅቤው ጉዳይ ነው።

ሁሉንም ነገር ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ሰውዬ፣ በየሁለት ሳምንቱ በገበያ ቀን ከንጋቱ ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ቅቤ ተራ ይሄዳል። ወንድ ልጅ ቅቤ ተራ ምን ያደርጋል? ሱፐርማርኬቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የታሸገ ቅቤ አለ፤ ያንን ለምን አይገዛም? ቢገዛስ ማን ሊሠራለት? ጌታሁን ምጣድ የት እንዳለ አያውቅም፤ በዳቦና በሻይ ነው የሚኖረው፤ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስፌት ቤቴ መሮ አበጅቼለታለሁ። ግማሽ ኪሎውን ይገዛና ለባለቤቴ ለማርታ አምጥቶ ይሰጣታል። ማርታም ከተቀበለች በኋላ ነው ማሰብ የጀመረችው።

"ዋሲሁን፣" አለችኝ አንድ ቀን፣ "ጌታሁን የቅቤዋን ሴትዮ ሊያገባ ነው።"

"ባል ያላትን? የሰባት ልጆች እናት?"

"ታዲያ ጾም ገብቶ እንኳ ቅቤ የሚያስገዛው ምንድን ነው?"

ይኸኛው እኔንም ያዘኝ። የነቢያት ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በጾም ስለሚረክስ ለገና የሚያከማች ሰው አለ፤ ጌታሁን ግን የሚያከማችለት ሰው የለውም። በቀጣዩ ገበያ ልቀልድበት አስቤ ከኋላው ሄድኩ። በርበሬ ተራውን አልፌ ከአንዲት ሻጭ ጥላ ሥር ቆምኩ። ኢክራማ ቅሏን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ተቀምጣለች። ገና ሲያያት የጌታሁን ፊት ተለወጠ። እውነት ለመናገር ማርታን አመንኳት።

"እንደምን ከረሙ ጋሼ!" አለችው፤ "እትዬ ደብሪቱስ? እግሯ ተሻላት?"

ጆሮዬን አላመንኩም።

"ደህና ናት" አለ ጌታሁን።

"አልሐምዱሊላህ። ከሰው ሁሉ መሐል ዓይኔ የሚፈልገው እሷን ነው፤ ወላሂ። ምነው እግር እንዲህ ከረመ? ወጌሻ አሳያችኋት?"

"አሳየናት።"

"እህ፤ አላህ ያሽራት።" "አሜን" ሲላት ግማሽ ኪሎውን መዘነች። ከዚያ ከቅሉ ሥር ለጋውን ዛቅ አድርጋ፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠችው። "ይኼ ለራሷ ነው። ጾም ነው እንዳትለኝ በሏት፤ ራስ አይጾምም። በሽተኛ ናት፣ ልጃገረድ ፈልጋችሁ አስቀቧት።"

ጌታሁን ያችን ጥቅል በሁለት እጁ ተቀበለ። ፈገግ ብሎ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ደሜ ፈላ። እኔ የሞተን ሰው ለሰፈር የማስታውቅ ሰው ነኝ፤ ይህ ሥራዬ ነው፣ አልቀልድበትም። እኔ በጥሩምባ የቀበርኳትን ሴት እሱ ገበያ መሐል በሽተኛ አድርጎ አቆያት! ያቺ ማሽላ ጭና የወረደች ሴት በየሁለት ሳምንቱ ለሬሳ ፀጉር ቅቤ ትጠቀልላለች! ቤቱ እንደገባ ተከትዬው ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

ቤቱ ይሸታል። የከረመ ቅቤ ሽታ፣ ሌላ ምንም አይሸትም። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ከደብሪቱ ነጠላዎች በታች በአንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ስድስት የጉሎ ቅጠል ጥቅሎች አሉ፤ አንዳንዱ ቀልጦ ቅጠሉ ጠቁሯል። ጌታሁን የያዛትን ሰባተኛዋን ከላይ አስቀመጠ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በሕይወቱ ተናግሮ የማያውቀውን ያህል ሲናገር ሰማሁት።

"በመስከረም የሄድኩት ልነግራት ነበር። ገና ከሩቅ 'እትዬ ደብሪቱስ?' አለችኝ። ብቻዋን ናት፣ ቅል ታቅፋለች፣ ወደ ቤቷ አምስት ሰዓት የእግር መንገድ አለባት። መንገደኛ ላይ መርዶ ይነገራል? አንተ ታውቃለህ፣ አይነገርም። እግሯን አሟታል አልኳት። በቀጣዩ፣ ዘመድ አብሯት ሲመጣ እነግራታለሁ አልኩ። በቀጣዩም ብቻዋን መጣች።"

እዚህ ድረስ ልክ ነበር። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ እኔም ብሆን አልነግራትም። ሰው ቤቱ ሳለ፣ በማለዳ፣ ሳይወጣ፣ የሚይዘው ሰው በጎኑ እያለ ነው የሚነገረው። ደብሪቱን ያቆያት የጌታሁን ጨዋነት ነው። ቢሆንም አልበረድኩም።

"ታዲያ ስንት ወር ሆነው? ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ . . ." አለ። "ሁሉም ሰው ያጽናናኛል ዋሲሁን። አንተም ታጽናናኛለህ። ከቆቦ ሰው ሁሉ 'ደብሪቱ ደህና ናት?' ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ናት። 'ደህና ናት' ስል ትንሽ ይሰማኛል። የቀረው ቀን ምንም አይሰማኝም።"

ንዴቴ ሳይጠፋ አዘንኩለት፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ አያድርስ ነው። ይህን ቃል ካላወጣው ሰውዬው ራሱ ከደብሪቱ ጋር እንደሚቀር ገባኝ። አሁንም ግማሹ ቀርቷል፤ ቀበቶውን ያየ ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ያቺ ሴት አለች። ለደንበኛዋ ልታለቅስላት ይገባት ነበር፤ ለቅሶዋን ቀምተናታል፤ እኔም ጭምር።

"ይህ ነገር ለቀጣዩ ገበያ አይደርስም" አልኩት። "ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ ቅቤ ተራ መሐል ጥሩምባዬን እነፋለሁ።"

"መንገድ ላይ . . ."

"መንገድ ላይ አይደለም። ቤቷ እንሄዳለን። መርዶ እንደ መርዶ ይነገራል።"

ለቅቤ ደንበኛ መርዶ የሄደ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ወደፊትም የማይ አይመስለኝም። የእድሩ ሊቀመንበር ሲሰማ ሳቀ። ማርታ ግን አልሳቀችም፤ ሽሮ በቋጠሮ አስያዘችን። በመርዶው ዋዜማ በጭነት አይሱዙ ወጥተን ከተራራው ሥር የማውቀው ሰው ቤት አደርን፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ ኢክራማ መንደር በእግር ወጣን። ጌታሁን ጣሳውን በፌስታል ይዟል። የሱፐርማርኬቱ ፌስታል ነው።

ኢክራማ ላም እያለበች ነበር። ቀና ስትል ሁለት ሽማግሌዎች በረቷ ደጃፍ ላይ ቆመናል። በማለዳ ሁለት ሽማግሌ ደጅህ ላይ ከቆመ ለሠርግ እንዳልመጣ የዞብል ሰውም የቆቦ ሰውም ያውቃል። የወተቱን ዕቃ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ባሏ ረዲ ከቤት ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"ጋሼ ጌታሁን" አለች፤ "እሷ ናት?"

ጌታሁንን አየሁት። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እኔ የእድር ሰው ነኝ፤ ሥራዬን ሠራሁ።

"አዎ እህቴ" አልኳት። "ደብሪቱ አርፋለች።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች። ከዚያ "መቼ?"

"ሐምሌ ሃያ።"

መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። ጣቷን አጠፈች፤ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ወደ ጌታሁን ዞረች። እሱም ሌላ የሚያደርገው ሲያጣ ጣሳውን ከፌስታሉ አውጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው። ክዳኑን ከፈተችው። ሰባቱንም አወቀቻቸው፤ ቅጠሉን የጠቀለለ እጅ እንዴት አያውቅ?

"ሰባት ጊዜ!" አለች። "በገዛ እጄ፣ ሰባት ጊዜ! እኔ አላህ ያሽራት ስል አንተ 'አሜን' ትለኛለህ! አፈር ለብሳ ሳለ!" አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንቱ ያለችውን ሰው አንተ አለችው፤ ማንም አልከለከላትም። "ዘመዱ ሁሉ ሲያለቅስላት እኔ ተራራ ላይ ቅቤ እንጣለሁ! እኔ ባዳ ነኝ? እኔን ለምን አላስለቀስከኝም?"

ረዲ ትከሻዋን ያዛት። በረቱ ውስጥ ቁጭ አለችና "ደንበኛዬ! ደንበኛዬ!" እያለች አነባች። ሌላ ስም አልጠራችም። የመንደሩ ሴቶች ድምፅ ሰምተው መጡ፤ ማን እንደሞተ ጠየቁ፤ "የቆቦዋ ደንበኛዋ" ተባሉ፤ ምንም ሳይገርማቸው ተቀመጡና አለቀሱ። ፀሐይ እስክትበረታ ለቅሶ ላይ ተቀመጥን። እኔም ትንሽ አለቀስኩ። ጌታሁን ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሱፐርማርኬቱን ፌስታል አራት አጥፎ ተቀምጧል። ያው ነው።

ጾመኞች መሆናችንን አውቃ ንፍሮ አቀረበችልን። ስንወጣ ጌታሁንን አላናገረችውም። ጣሳውንም አልመለሰችለትም።

ከዚያ ወዲህ ጌታሁን ባሰበት። ቅቤ ተራ መሄድ ቀረ፤ የሚሄደው ሱፐርማርኬት ብቻ ሆነ። "ፌስታል ይጨመር?" "ይጨመር።" ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝና የማደርገው ጠፋኝ። ማርታ "አንተም ጥሩምባህም" አለችኝ። የገና በዓል መጥቶ ሄደ፤ ዶሮ ይዘንለት ሄድን፤ በላ።

ከገና በኋላ በሁለተኛው ገበያ በማለዳ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆመ። ኮቱን ለብሷል።

"ቅቤ ተራ ልሄድ ነው" አለ።

ብቻውን መሄድ እንዳልፈለገ ገባኝና የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ተነሣሁ። በመንገዳችን ሰለሞን ከሽንኩርቱ ኋላ ቆቡን አወለቀ፤ ጌታሁን እንደወትሮው ሸሽቶ አላለፈም፤ ቆሞ እጁን ጨበጠው። ለተ ሚካኤልም "አጆኻ" አለችው።

ኢክራማ ቦታዋ ላይ ነበረች። ጥቁር ሻሽ አስራለች።

"እንደምን አደሩ" አለችው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግማሽ ኪሎ" አለ።

ስለ ደብሪቱ አልጠየቀችም። መዘነች፣ ጠቀለለች፣ ሰጠችው፤ ተቀብሏት እግሩ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ እጇ ወደ ቅሉ ሥር ገባ። እንቁላል የምታህል ለጋ ቅቤ ዛቀች። ቅጠል አነሣች። ጌታሁን ሳያስበው ሁለት እጁን ዘረጋ። ቅቤውን የዛቀችው ከልማድ ይሁን፣ ሆን ብላ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ቅቤውን ቅጠሉ ላይ እንደያዘች ቆመችና ዓይኑን አየችው።

"ይኼስ ለማን ነው?" አለችው።

ጌታሁን እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ልናገርለት ፈለግሁ፤ ምላሴን ነከስኩ።

"ደብሪቱ ሞታለች" አለ።

እሷ ዓይኗን ከዓይኑ አላነሣችም።

"ሞታብኛለች እኮ ኢክራማ። ሞታብኛለች።"

ለጋውን ቅቤ መልሳ ወደ ቅሏ ከተተችና ከደነችው። ሁለት እጁ ባዶውን ቀረ። ያን ጊዜ በቅቤ ቅሎቹ መሐል መሬት ላይ ቁጭ አለና ጮኾ አለቀሰ። ኮቱ አፈር ነካ፤ ሰው ቆሞ አየው፤ ግድም አልሰጠው። ኢክራማ ከአጠገቡ ዝቅ ብላ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመት ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ፀሐዩ እየበረታ ነበር። ግማሽ ኪሎው እንዳይቀልጥ አንስቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩትና እስኪጨርሱ ቆምኩ።